ከአርባ በኋላ፦ መስቀል አደባባይ፣ ጂም ወይስ ሳህኑ?

ሱሪ አልቆለፍ ሲል ሁሉም ሰው «ምን ልጀምር?» ይላል። ጓደኛው ጂም ግባ ይለዋል። የመሥሪያ ቤት ባልደረባው እራት ተው ይለዋል። እህቱ ከአሜሪካ ስለሚመጣ የማቅጠኛ መርፌ ታወራለታለች። ሁሉም የየራሱን ያሞግሳል። «ቀንህ እንዴት ነው የሚውለው? ጉልበትህስ ደህና ነው? ኪስህስ?» ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም።

ይህ ጽሑፍ መሀል አዲስ አበባ ውሎ ለሚገባ፣ ከአርባ እስከ ስልሳ ዓመት ላለ ሰው ነው። ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ማለቴ ነው። የማዳላበት ነገር ስላለ ከወዲሁ ልናገር። ኪሎ ቶሎ የሚጥለውን አማራጭ አልወደውም። ጡንቻን ሳይነካ ወገብን የሚቀንሰውን፣ ሥራ በበዛበት ሳምንትም የማይቋረጠውን እመርጣለሁ።

መጀመሪያ፣ በምን ትለካላችሁ?

መለኪያው ከተሳሳተ ጥሩ እየሄደ ያለውን ነገር «ምንም አልፈየደም» ብላችሁ ትተዉታላችሁ። ስለዚህ ከስፖርቱ በፊት መለኪያውን ምረጡ።

ብዙዎቻችን የምንለካው በሰው አፍ ነው። እዚህ ከተማ ስለ ሰው ሰውነት አስተያየት ለመስጠት ማንም ፈቃድ አይጠይቅም። ሠርግ ላይ አክስት «ተመችቶሻል!» ትላለች፤ ለእሷ ምርቃት ነው። ለቅሶ ቤት ደግሞ ሌላዋ «ምነው ከሳሽ፣ ሰላም ነው?» ትላለች። በዚያው ወር፣ ለዚያችው ሴት። የመክሳት ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ያውቀዋል። ነጻ የኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ዓመታት የከሳ ሰው ሲያልፍ ሰፈር ይንሾካሾክ ነበር። ዛሬም ለፍቶ አምስት ኪሎ የቀነሰ ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ይባላል። እንኳን ደስ አለህ የሚለው ጥቂት ነው። አስተያየቱን በፈገግታ እለፉት። አንድ ነገር ብቻ አትናቁ፦ ምንም ሳትሞክሩ ልብሳችሁ እየሰፋ ከሄደ ሐኪም ይየው። ስኳር፣ ታይሮይድ፣ ቲቢ እንዲህ ሊጀምሩ ይችላሉ።

ቀጥሎ ሚዛን አለ። መንገድ ዳር ሚዛን አስቀምጦ የሚጠብቅ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ። «ፋዘር፣ ኪሎ!» ይላል። ፋዘር መባሉ ራሱ አንድ ነገር ነው። ከነጫማችሁ፣ ከነጃኬታችሁ፣ ከነስልካችሁ ትወጣላችሁ። መርፌው ተወዛውዞ 84 ላይ ይቆማል። ልጁ ሚዛኑን ከተንጋደደው ድንጋይ ላይ ፈቀቅ ሲያደርገው 82 ይላል። የቤት ሚዛንም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይሻልም። በአንድ ቀን ውስጥ በውሃና በምግብ ብቻ አንድ ሁለት ኪሎ ይዋዥቃል። ከሁሉም በላይ ግን ስቡን ከጡንቻው አይለይም። ቢኤምአይ የሚባለው ስሌትም (ኪሎ፣ በሜትር የተለካ ቁመት በራሱ ተባዝቶ ለሚሰጠው ቁጥር ሲካፈል) እንደዚሁ ነው። 25 ሲደርስ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30 ሲደርስ ደግሞ ውፍረት ይባላል። የጨመረው ነገር ክንዳችሁ ላይ ይሁን ሆዳችሁ ውስጥ ግን አይነግራችሁም።

እኔ የምመርጠው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ከታችኛው የጎድን አጥንት ጫፍና ከዳሌ አጥንት አናት መካከል፣ ትንፋሽ ካስወጣችሁ በኋላ ትለካላችሁ። ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታ ላይ አይደለም። ቦርጫም ወንድ ቀበቶውን ከቦርጩ ሥር ስለሚያስር ለሃያ ዓመት «የሱሪ ቁጥሬ አልተለወጠም» ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት መስመር ለሴት 80፣ ለወንድ 94 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ የስኳርና የልብ ሕመም ስጋት ይጨምራል። 88 እና 102 ሲያልፍ ስጋቱ ከፍተኛ ነው። ይህን ማስታወስ ከከበዳችሁ ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ አይብለጥ። 170 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 85 ማለት ነው።

ነጻ መለኪያ የሚፈልግ ደግሞ የለገሃርን ወይም የሜክሲኮን የባቡር ጣቢያ ደረጃ ይውጣ። ላይ ደርሶ ስልክ ማውራት ከቻለ ደህና ነው።

ቦርጩ ከየት መጣ?

«ሜታቦሊዝሜ ሞተ» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አስንፏል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ ከ6,400 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ሌላ ነገር ነው ያሳየው። የሰውነት መጠን ታስቦ ሲሰላ፣ ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይል ከ20 እስከ 60 ዓመት ብዙም አይለወጥም። መቀነስ የሚጀምረው ከ60 በኋላ ነው።

የተለወጠው ሌላ ነው። ድሮ ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግር ነበር የምንሄደው፤ አሁን ራይድ እንጠራለን። ደሞዝ ሲጨምር ሥጋውና ድራፍቱ አብሮ ጨመረ። እንቅልፍ ቀነሰ። ካልተሠራበት ደግሞ ጡንቻ ከሠላሳዎቹ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይሟሽሻል። ሴቶች ላይ ከ45 እስከ 55 ባለው ጊዜ ማረጥ ይመጣል። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሲቀንስ ዳሌና ጭን ላይ ይቀመጥ የነበረው ስብ ወደ ሆድ ይዞራል። ኪሎዋ ሳይጨምር ቀሚሷ ወገብ ላይ የጠበባት ሴት ሆዳም ሆና አይደለም።

እግር፣ ደረጃ፣ ጂም ወይስ ቤት?

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ሁለት ነገር ነው። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ልብን የሚያነቃ እንቅስቃሴ አንዱ ነው። እያወራችሁ የምትችሉት፣ ዘፈን ግን የማያዘፍን ፍጥነት ማለት ነው። ሁለተኛው በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ነገር ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይሠራና ሁለተኛውን ይረሳል። አማራጮቹን በዚህ ዓይን እዩአቸው።

የእግር ጉዞ ርካሽ ነው፤ ልብስ መቀየር አይፈልግም። የኮሪደር ልማቱን ሰው በብዙ ነገር ይከራከርበታል። እግረኛ ግን ያተረፈው ነገር አለ፤ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ አሁን ከመኪና ጋር ሳይጋፉ መሄድ ይቻላል። ጉዞን ከሥራ መንገዳችሁ ጋር ካጣበቃችሁት አይቋረጥም። ታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱ። ዳገት ለሚፈልግ ቸርችል ጎዳና አለ። ከለገሃር እስከ ማዘጋጃ ቤት በፍጥነት የወጣ ሰው ጂም መግባት አያምረውም። ስትመለሱ ግን ጉልበት ካለባችሁ ታክሲ ያዙ፤ ጉልበትን ይበልጥ የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው። ሜዳ የሚሻላችሁ ደግሞ ወዳጅነት ፓርክ ውስጥ ዙሩ። የእግር ጉዞ ድክመቱ ከወገብ በላይ ያለውን ጡንቻ አለመንካቱ ነው። የሐምሌ ዝናብና የመኪና ጭሱም አለ፤ መኪና ሳይበዛ በማለዳ ከሄዳችሁ ሁለቱም ይቀልሉላችኋል።

መስቀል አደባባይ ሌላ ዓለም ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ ሂዱና እዩት። ረጃጅሞቹ ደረጃዎች ላይ ሯጩ ከጫፍ ጫፍ ይሮጥና አንድ ደረጃ ወጥቶ ይመለሳል። ፎጣ አንገቱ ላይ የጠቀለለ ሽማግሌ አለ። ነጠላዋን አደግድጋ በስኒከር የምትሄድ እናት አለች። ከኋላቸው እንደ ነፋስ የሚያልፍ ቀጭን ልጅም አለ። ዋናው ጥቅሙ ሰው መኖሩ ነው። ቤት ብቻውን የማይነሳ ሰው እዚያ የሚጠብቀው ጓደኛ ካለ ይነሳል። ጉዳቱም ያው ሰው ነው። የአርባ አምስት ዓመት ሰው ከዚያ ቀጭን ልጅ ጋር ልፎካከር ብሎ በሳምንቱ ጉልበቱን ይዞ ይቀመጣል። ከተማችን ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሳትለማመዱ ደረጃ ላይ መሮጥ ቀልድ አይደለም። መጀመሪያ በርዝመቱ ሂዱ። ወደ ላይ መዝለሉ ቆይቶ ይደረሳል።

ግብ ከሌለው የማይንቀሳቀስ ሰው ደግሞ ታላቁ ሩጫ ላይ ይመዝገብ። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኅዳር አካባቢ የሚካሄድ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ግማሹ ሕዝብ እየዘፈነ ነው የሚጨርሰው፤ ስለ ሰዓት የሚጨነቅ የለም።

ጂም ሁለቱንም፣ ልብን የሚያነቃውንም ጡንቻ የሚያሠራውንም፣ ማሟላት ይችላል። እዚህ ላይ «ይችላል» ነው ያልኩት። ትሬድሚል ላይ ወጥቶ፣ ስልክ እያየ ተራምዶ፣ ስቲም ገብቶ የሚወጣ ሰው የከፈለው ለእግር ጉዞ ነው። ስቲምና ሳውና ደስ ይላሉ፤ አልቃወምም። የሚያወጡት ግን ውሃ ነው። አንድ ኪሎ ቀነስኩ ብሎ የወጣ ሰው ማታ ውሃ ሲጠጣ ኪሎው ይመለሳል። ላስቲክ ሆዳቸው ላይ ጠምጥመው የሚሮጡትም ያው ነው፤ ደም ግፊት ላለበት ሰው ደግሞ አደገኛ ነው።

የሆቴል ጂምና የሰፈር ጂም ዋጋቸው አይገናኝም። ሆቴሉ ዋና፣ ጄነሬተርና ንጹሕ ሻወር አለው። ለጡንቻ ግን ብረት ብረት ነው፤ የሰፈሩም ይበቃል። ከመክፈላችሁ በፊት እናንተ በምትሠሩበት ሰዓት ሄዳችሁ እዩ። ከሥራ መልስ፣ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ አንዳንዱ ቤት ብረት ለመያዝ ወረፋ አለው። ሻወሩን ከፍታችሁ ውሃ መኖሩን አረጋግጡ። አሰልጣኙ ብረት ከማስያዙ በፊት «ግፊት አለብህ? ወገብህን ያምሃል?» ብሎ ካልጠየቀ ሌላ ቤት ፈልጉ። የስድስት ወር ክፍያ ቅናሽ አለው ሲሏችሁ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ የአንድ ወር ክፈሉ። ጂሙ ከቤታችሁ ወይም ከሥራችሁ በእግር አሥር ደቂቃ ካለፈ፣ ትራፊክ የበዛ ቀን ትቀራላችሁ።

የመስታወቱን ነገርም ማንሳት ይገባል። ጂም ውስጥ የሃያ ዓመት ልጆች ሸሚዝ ገልበው ፎቶ ይነሳሉ። ይህ የሚያሸማቅቃችሁ ከሆነ ጠዋት ግቡ፤ ጠዋት የሚመጣው አብዛኛው የእናንተ ዕድሜ ነው። ሴቶች የሴቶች ብቻ ሰዓት ያለው ቤት እንዳለ ይጠይቁ። ኤሮቢክስ የሚወዱ ይግቡበት፤ ያስቃል፣ ያገናኛል። ዝላዩ የሚበዛበትን ክፍል ግን ከባድ ሰውነትና የታመመ ጉልበት ያለው ሰው አይጀምርበት።

ቤት የሚለው አማራጭ ይናቃል። ያለቀ የባለ 5 ሊትር ዘይት ጄሪካን ውሃ ሙሉ፤ አምስት ኪሎ ብረት አገኛችሁ ማለት ነው። ሦስት ነገር ይበቃል። ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ ተነሱ፣ ተቀመጡ፤ ደጋግሙ። ግድግዳ ተደግፋችሁ ፑሽአፕ ሥሩ። ጄሪካኑን ጉልበት አጥፋችሁ፣ ጀርባ ቀጥ አድርጋችሁ ከመሬት አንሱ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስቱ ሊከብዷችሁ ይገባል፤ ካልከበዱ ቁጥሩን ጨምሩ። ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ኮንዶሚኒየም ላይ ያላችሁ ዝላይ ተዉ፤ ከታች ያሉት ጎረቤቶች ይመጣሉ። የቤት ችግሩ የሚያይ ሰው አለመኖሩ ነው፤ ዛሬ ደክሞኛል ስትሉ የሚከራከራችሁ የለም።

የእኔ ምርጫ ለብዙው ሰው የሥራ መንገድ ላይ ጉዞ፣ ሲደመር በሳምንት ሁለት ቀን ጄሪካን ነው። ጂም የሚያዋጣው የከፈለው ገንዘብ የሚቆጨውን፣ ወይም አሰልጣኝ ሳያየው ትክክል የማይሠራውን ሰው ነው።

ሳህኑ

እዚህ ላይ ሒሳቡ ይመር እንጂ እውነት ነው። 75 ኪሎ የሆነ ሰው አንድ ሰዓት በፍጥነት ቢሄድ የሚያቃጥለው በግምት ከ250 እስከ 300 ካሎሪ ነው። ሁለት ጠርሙስ ቢራ ያን ያህል ነው። ጥብሱ አልተቆጠረም። እንቅስቃሴ ልብን፣ ጡንቻን፣ እንቅልፍን ያስተካክላል። ወገብ የሚቀንሰው ግን በዋናነት ከሳህን ነው።

«ጾም ያከሳል» የሚሉ አሉ። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕ፣ ዓርብና ሌሎቹ አጽዋማት ሲጨመሩ ምእመኑ ከዓመቱ ግማሽ ገደማ ይጾማል። ታዲያ ለምን ሁሉም ሸንቃጣ አልሆነም? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ፣ ዘይት የሚንሳፈፍበት ምስር ወጥ፣ ከዚያ ፓስታ፣ ከዚያ የጾም ኬክ ከሻይ ጋር ስለሚበላ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው። ኢፍጣር ላይ ሳምቡሳውም ያው ነው። ጾሙ ራሱ ሥርዓት ስለሚያስይዝ ጥሩ ነው። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር ፕሮቲንና አሰር አላቸው፤ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር ወደ 18 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። በዘይቱ ላይ እጅ ይጠበቅ እንጂ ሽሮ ጠላታችሁ አይደለም። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ግን ሳትማከሩ አትጹሙ፤ ስኳር ሊወርድባችሁ ይችላል። ሐኪሙን ጠይቁ፣ የንስሐ አባታችሁንም አነጋግሩ፤ ለታመመ ሰው መላ አያጡም።

እንጀራ ጨርሶ የሚያቆሙ አሉ። ለአንድ ወር ያምራል። ከዚያ የእህት ልጅ ልደት ይመጣል፣ በዓል ይመጣል፣ በእንጀራ ላይ የተቋጠረው ጉጉት ይፈነዳል። አንድ እንጀራን ወደ ግማሽ አውርዶ ጎመንና ሰላጣ መጨመር ብዙ ይቆያል።

እራት መተውም አለ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ቀለል አድርጎ መብላት ለብዙ ሰው ይሠራል። ጨርሶ የተወ ግን በአምስት ሰዓት ማቀዝቀዣ ፊት ይገኛል።

እኔ የማበረታታው ስኳሩን መቀነስ ነው፤ ማንም ስለማይቆጥረው። የሻይ ማንኪያ ስኳር አራት ግራም ገደማ ነው፤ የእኛ ማንኪያ ደግሞ ቁልል ነው። በቀን አራት ማኪያቶና ሻይ፣ በየአንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ከሆነ 48 ግራም ሆነ። ዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ይብቃ የሚለው 50 ግራም አካባቢ ነው፣ ከ25 ቢወርድ ደግሞ ይመርጣል። ገና ለስላሳው አልተጠጣም። ከሦስት ወደ አንድ ማንኪያ መውረድ ሳምንት ሁለት ሳምንት ያስቸግራል፤ ከዚያ ድሮ የጠጣችሁት ማኪያቶ ሽሮፕ ይመስላችኋል።

አቋራጮቹ

የማቅጠኛ ሻይ አብዛኛው ሆድ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው፤ የሚወጣው ውሃ ነው። ስማቸው የማይታወቅ የማቅጠኛ ክኒኖች ውስጥ ሲቡትራሚን የሚባል መድኃኒት ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 በልብ ጉዳት ምክንያት ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ የወጣ ነው። ሽፈራው ጥሩ ቅጠል ነው፤ ቦርጭ ግን አያቀልጥም። ኮርሴት ለሠርግ ቀን ይሁን።

መርፌው ግን ከእነዚህ ጋር አይደመርም። ሴማግሉታይድ እውነተኛ መድኃኒት ነው። ኦዜምፒክ በሚል ስም ለስኳር፣ ዊጎቪ በሚል ስም ለክብደት ይሸጣል። በጥናት ላይ ሰዎች በ68 ሳምንት በአማካይ 15 በመቶ ገደማ ክብደት ቀንሰዋል። ሲያቆሙት በአንድ ዓመት ውስጥ የቀነሱትን ሁለት ሦስተኛ መልሰዋል። ከሚቀንሰው ውስጥ ጡንቻም አለበት፤ ጄሪካኑ ከመርፌ ጋርም አይቀርም። በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ላይ የምትጠይቁት አለ፦ ያልተከፈተ መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። ከዋሽንግተን እስከ ቦሌ በምን ሁኔታ ነው የመጣው? ሲያልቅስ ቀጣዩን ማን ያመጣዋል? መጠኑን ቀስ በቀስ የሚጨምርላችሁስ የትኛው ሐኪም ነው? መልስ ከሌለ አትጀምሩ።

ማን ምን ይጀምር?

ጉልበት የሚያማችሁ፦ ሜዳ ላይ ጉዞ፣ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ወይም ዋና። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ጭንን ያጠነክራል፣ ጉልበትን ያሳርፋል፤ ካመማችሁ ከፍ ያለ ወንበር ያዙ።

ቀኑን መሪ ይዛችሁ የምትውሉ፦ ከሳህኑ ጀምሩ። ለስላሳውን በውሃ ተኩ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናዋን ዙሯት።

ልጆች አድርሳችሁ ቢሮ የምትገቡ እናቶች፦ ምሳ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ጉዞ፣ ማታ ጄሪካን። ከማረጥ በኋላ አጥንትም ስለሚሳሳ ጄሪካኑን እንደ ተጨማሪ አትዩት።

ሰው ካልጠራው የማይነሳ፦ መስቀል አደባባይ፣ ከቀጠሮ ጋር።

የትኛውንም ብትመርጡ መጀመሪያ ግፊታችሁን ተለኩ። ጤና ጣቢያ ሄዶ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ፣ ቡና ሳይጠጡ። ስኳርና ኮሌስትሮልም በዚያው ተመርመሩ፤ ቁርስ በልታችሁ መምጣት ትችሉ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ግፊቱ 140/90 ከሆነ ሌላ ቀን ይደገም፤ ጉዞውን ግን አታቁሙ። 180/110 ካለ ወይም ስትራመዱ ደረት የሚጫን ነገር ካለ፣ ስፖርቱ ይቆይና በዚያው ቀን ሐኪም እዩ።